ፀሐይና ጉም የማይውጡት ምልክት፦ ኪውፊልድን ለመስክ ማበጀት

ደብረ ብርሃን ቢሮ ቁጭ ብዬ ያበጀሁት የመጀመሪያው የስልክ ካርታ ሲያዩት ያምር ነበር። ቦረቦሩ ቡናማ፣ እርከኑ ቀጭን አረንጓዴ፣ ምንጩ ፈዛዛ ሰማያዊ። በጥር እኩለ ቀን ባሶና ወራና ውስጥ አንድ ተዳፋት ላይ ቆሜ ስልኩን ሳወጣ ግን መስታወቱ ላይ ያየሁት የራሴን ፊት ነው። በመዳፌ አጥልዬ ሳየው ደግሞ ቡናማው ቦረቦር የሳተላይቱ ምስል ላይ ካለው ቡናማ አፈር ጋር አንድ ሆኗል፤ አረንጓዴው እርከንም ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል። መንገድ ይመሩን የነበሩ አዛውንት በትከሻዬ በኩል አዩና «ልጄ፣ ስንቱ ቀረን?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ካርታዬ ምን የት እንዳለ ይናገራል እንጂ የትኛውን እንደጨረስን አይናገርም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ምልክት ሳበጅ የምነሣው ከእሳቸው ጥያቄ ነው። የመስክ ካርታ ምልክት አስቀድሞ «ምን ቀረኝ?» ለሚለው መመለስ አለበት፤ «ይህ ምንድነው?» የሚለው ሁለተኛ ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በዚህ ሐሳብ ላይ የተገነባ ነው። ምሳሌዬ የተፋሰስ ሥራ ቆጠራ ነው፤ የይዞታ ልኬታም ሆነ የውኃ ተቋም ቆጠራ የምትሠሩ ግን የሌየሮቹን (እያንዳንዳቸው አንድ ዓይነት ነገር የሚይዙትን የካርታ ክፍሎች) ስም ብቻ ቀይራችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

መሣሪያው

ኮምፒውተር ላይ ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ፕሮግራም፣ ስልክ ላይ ኪውፊልድ የሚባለው የመስክ መተግበሪያ። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ኪውፊልድ የኪውጂአይኤስን ፕሮጀክት እንዳለ ይከፍታል፤ ካርታውን የሚስለውም በዚያው በኪውጂአይኤስ ሞተር ስለሆነ ኮምፒውተር ላይ ያበጃችሁት ምልክት ስልኩ ላይ ያው ሆኖ ይወጣል። በተለመደው አሠራር ስልኩ ላይ ሆናችሁ ሌየር ታበራላችሁ፣ ታጠፋላችሁ፣ ታሳሳላችሁ፤ ቀለምና ቅርጽ ግን አትቀይሩም። ስለዚህ ምልክቱ ከቢሮ ሳትወጡ ማለቅ አለበት። መርጂን ማፕስም በኪውጂአይኤስ ፕሮጀክት ስለሚሠራ አካሄዱ አንድ ነው። አርክጂአይኤስ ፊልድ ማፕስ የምትጠቀሙ ደግሞ ምልክቱን የምታበጁት ዌብ ማፑ ላይ ነው፤ የአዝራሮቹ ስም ይለያይ እንጂ ስለ ቀለምና መጠን የምለው ለእናንተም ይሠራል።

ኪውጂአይኤስ ላይ «ኪውፊልድ ሲንክ» የሚባለውን ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) ጫኑ። ፕሮጀክቱን ወደ ስልክ የሚያሽገው እሱ ነው።

1. ቃል አታስጽፉ፣ ምርጫ ስጡ

ቀለሙን ትተን የሌየሩ መረጃ ከሚቀመጥበት ሰንጠረዥ የምንጀምረው በምክንያት ነው። ምልክት በቀለም የሚለየው ሰንጠረዡ ውስጥ የተጻፈውን አይቶ ነው፤ ኮምፒውተር ደግሞ «ተሠራ» እና «ተሰራ» ለእኛ አንድ ቃል መሆናቸውን አያውቅም። አንዱ ባለሙያ በንጉሡ ሠ፣ ሌላው በእሳቱ ሰ ከጻፈ ሁለት ምድብ፣ ሁለት ቀለም ይሆናል። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ ሲጨመሩበት፣ አንዱ ደግሞ ከቃሉ መጨረሻ ባዶ ቦታ ሲተውበት፣ ማታ የምትከፍቱት ካርታ የአሥር ቀለም ጥልፍ ነው። አማርኛ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ይህን አንድ ጊዜ ሳይቀምስ አይቀርም።

ስለዚህ በየሌየሩ «ሁኔታ» የሚል የቁጥር ዓምድ ፍጠሩ። ከዚያ «ሌየር ፕሮፐርቲስ» ገብታችሁ «አትሪቢዩትስ ፎርም» ክፈቱ፤ «ሁኔታ»ን ምረጡና የ«ዊጀት ታይፕ»ን ወደ «ቫልዩ ማፕ» ቀይሩ። ይህን አስገቡበት፦

1 — ያልታየ
2 — ታይቶ የተሞላ
3 — ተመልሶ የሚታይ
4 — የማይደረስበት

ሠራተኛው ስልኩ ላይ የሚያየው አማርኛውን ነው፤ ሰንጠረዡ ውስጥ የሚቀመጠው ግን ቁጥሩ ብቻ። አስቀድሞ የታወቁትን ነገሮች ሁሉ (ካለፈው ዓመት ቆጠራ የመጡትን፣ ከሳተላይት ምስል የሣላችኋቸውን) በ1 ሙሏቸው። መስክ ላይ አዲስ ለሚጨመረው ግን በራሱ የሚሞላ ዋጋ አትስጡ፤ ምክንያቱን በሚቀጥለው ደረጃ ታያላችሁ።

መረጃው የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት ጂኦፓኬጅ ይሁን። በቆየው የፋይል ዓይነት፣ በሼፕፋይል፣ ላይ የዓምድ ስም ከ10 ባይት አያልፍም፤ በዩቲኤፍ-8 (በተለመደው የፊደል ኮድ) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ የሚተርፋችሁ ሦስት ፊደል ነው። «ሁኔታ» ለጥቂት ያልፋል፤ «ትክክለኛነት» ግን «ትክክ» ሆኖ ይቀራል።

እዚሁ እያላችሁ የፕሮጀክቱን የቅንጅት ሥርዓት (ቦታ በቁጥር የሚገለጽበትን ሥርዓት) አረጋግጡ። ሰሜን ሸዋ በሙሉ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ውስጥ ነው፤ ጂፒኤስ በሚጠቀምበት የልኬት መሠረት፣ በደብሊውጂኤስ 84፣ ኪውጂአይኤስ ውስጥ የሚመረጠው ቁጥር 32637 ነው። በቀድሞው የልኬት መሠረት፣ በአዲንዳን፣ የተሠሩ የቆዩ የቶፖግራፊ ካርታዎችን የምትጠቀሙ ከሆነ የእነሱ ቁጥር 20137 ነው። ሁለቱን ካቀያየራችሁ ምንጩ ከቦታው 200 ሜትር ገደማ ሸሽቶ ሌላ ሰው ማሳ ውስጥ ይወድቃል። ያኔ ምልክቱ ምንም ያህል ቢያምር ከንቱ ነው።

2. ቅርጽ ለዓይነት፣ ቀለም ለሁኔታ

ምንጭ፣ ክትር፣ ቦረቦርና እርከን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሌየር ስላላቸው ዓይነታቸው በቅርጽ ይለያል፦ ምንጭ ክብ፣ ክትር አራት ማዕዘን፣ ቦረቦርና እርከን መስመር። ቀለምን ለሁኔታ ብቻ አስቀሩት፤ በሁሉም ሌየር ላይም አንድ ዓይነት ይሁን። ሰው አራት ቀለም በቃሉ ይይዛል፤ አሥራ ስድስት አይዝም።

«ሲምቦሎጂ» ክፈቱና ከላይ ካለው ዝርዝር «ካቴጎራይዝድ»ን ምረጡ። በ«ቫልዩ» ቦታ «ሁኔታ»ን ስጡና «ክላሲፋይ»ን ተጫኑ። አራቱ ምድቦችና ከሥራቸው «ኦል አዘር ቫልዩስ» የሚል መስመር ይመጣሉ።

እኔ የምጠቀመው እንዲህ ነው። ያልታየው ትልቅና ደማቅ ማጀንታ። ታይቶ የተሞላው ትንሽና ጥቁር ሰማያዊ። ተመልሶ የሚታየው ውስጡ ነጭ፣ ጠርዙ ወፍራም ጥቁር። የማይደረስበት ግራጫ የኤክስ ምልክት። «ኦል አዘር ቫልዩስ» ደግሞ ጥቁር ጠርዝ ያለው ትልቅ ቢጫ ኮከብ። ያ መስመር ብዙዎች የሚሰርዙት ነው፤ አትሰርዙት። መስክ ላይ አዲስ ነጥብ ጨምሮ ሁኔታውን መሙላት የረሳ ሰው ማያው ላይ ቢጫ ኮከብ ይጠብቀዋል። መስመሩ ከተሰረዘ ግን ነጥቡ ካርታው ላይ ጭራሽ አይታይም፤ ሰውየውም «አልተቀመጠልኝም» ብሎ ደግሞ ደጋግሞ ይመዘግበዋል። አንድ ምንጭ አራት ጊዜ ተመዝግቦ አግኝቻለሁ።

መጠኑን አስተውሉ፤ ያለቀው ያንሳል፣ የቀረው ይገዝፋል። የቢሮ ልማድ በተቃራኒው ነው፤ የተሠራውን አጉልተን ለአለቃ ማሳየት እንወዳለን። ለሪፖርት ሌላ ስታይል ሥሩ። መስክ ላይ ግን ስልኩን ብልጭ አድርጎ የሚያይ ሰው ዓይኑ ቀድሞ ያልተሄደበት ላይ ማረፍ አለበት።

3. የአገሩን መሬት ቀለም አይታችሁ ምረጡ

የተፋሰስ ሥራ ዘመቻ የሚበዛው በጥርና በየካቲት ነው። በዚያ ወቅት አዝመራው ተሰብስቦ ምድሩ ገለባ መስሏል፤ ቢጫና ቡናማ ምልክት ይዋጣል፤ አረንጓዴውን ባሕር ዛፉ ይበላዋል። መንዝ ጓሳ ሳሩ ፈዛዛ ስለሆነ ግራጫና ሐመልማል ምልክት አይለይበትም። ሞረትና ጅሩ ላይ ደግሞ የታረሰው ዋልካ በምስሉ ጥቁር ሆኖ ስለሚወጣ ጥቁር ሰማያዊው ምልክቴ ድራሹ ጠፍቶ ነበር። አንዱን ዞን የሚያስማማ አንድ ቀለም የለም ማለት ነው።

መፍትሔው ቀለሙን በነጭ ማቀፍ ነው። ካቴጎሪው ላይ ሁለት ጊዜ ስትጫኑ የምልክቱ መስኮት ይከፈታል። «ሲምፕል ማርከር» የሚለውን መርጣችሁ የአረንጓዴዋን የመደመር ምልክት ተጫኑ፤ ሁለተኛ ንብርብር ይጨመራል። የታችኛውን ነጭ አድርጉትና ከላይኛው 1.5 ሚሊ ሜትር አስበልጡት። ለመስመርም እንደዚሁ፦ ከሥር 1.8 ሚሊ ሜትር ነጭ መስመር፣ ከላይ 1 ሚሊ ሜትር ባለ ቀለም። ይህ ምልክት ከዋልካ ላይም ከገለባ ላይም ይነበባል፤ ጉም ሲወርድና የማያው ብርሃን ሲደበዝዝም አይጠፋም።

ለነጥብ ምልክት ያልታየውን 5፣ የታየውን 3 ሚሊ ሜትር እሰጣለሁ። ከ3 ያነሰ ነጥብ በጣት ለመንካት ያስቸግራል፤ በተለይ በማለዳ ውርጭ እጅ ሲደነዝዝ። የመጠኑን አሐድ «ሚሊሜትርስ» ላይ ተዉት። «ማፕ ዩኒትስ» ወይም «ሜትርስ አት ስኬል» ብታደርጉ ምልክቱ መሬት ላይ ባለው ስፋት ስለሚሳል ካርታውን ራቅ ስታደርጉት ተኖ ይጠፋል። ያ የሚጠቅመው የቦረቦርን እውነተኛ ስፋት ለማሳየት ሲሆን ብቻ ነው።

ሥዕላዊ ምልክት የሚወዱ አሉ፤ እንስራ፣ ዛፍ፣ ቤት። የራሳችሁን ኤስቪጂ ሥዕል ካስገባችሁ «ኢምቤድ ፋይል» በሚለው ፕሮጀክቱ ውስጥ ክተቱት። ያለዚያ ስልኩ ሥዕሉን ፈልጎ ሲያጣ በቦታው የጥያቄ ምልክት ያስቀምጣል። ጥላ፣ ጭጋግና ቀለም ማዋሐጃ የሚጨምረውን «ድሮው ኢፌክትስ» አትንኩት፤ ስልኩን ያዘገየዋል፣ ባትሪ ይበላል፣ ለሥራው የሚጨምረው ነገር የለም።

በመጨረሻ ከ«ቪው» ምናሌ «ፕሪቪው ሞድ» ውስጥ ገብታችሁ ካርታውን በግራጫ፣ ቀጥሎም ቀይና አረንጓዴ በማይለይ ሰው ዓይን እዩት። ምድቦቹ እንዲያም ሆነው ከተለዩ ጥሩ ነው። ካልተለዩ መጠንና ጠርዝ ቀይሩ።

4. ቦረቦርና እርከን

ቦረቦር እንደ መንገድ ዝም ብሎ መስመር አይደለም፤ አናት አለው፣ የሚያድገውም በአናቱ ነው። ባለሙያ ቀድሞ ማየት የሚፈልገውም አናቱን ነው። ስለዚህ ሁሉም ሰው መስመሩን ከታች ወደ ላይ እንዲስል ተስማሙ። ከዚያ በቦረቦሩ ምልክት ላይ አንድ ንብርብር ጨምሩና ዓይነቱን «ማርከር ላይን» አድርጉት፤ አቀማመጡን «ላስት ቨርቴክስ» ብቻ። የሚቀመጠው ምልክት ሦስት ማዕዘን ይሁን፣ 4 ሚሊ ሜትር። አሁን የእያንዳንዱ ቦረቦር አናት ላይ ጫፍ ይታያል፤ ተገልብጦ የተሳለውንም ወዲያው ትይዙታላችሁ፣ ምክንያቱም ጫፉ ወንዙ ውስጥ ይገኛል።

እርከን ብዙ ነው፣ ይጠጋጋልም። በአንድ ተዳፋት ላይ ሠላሳ ወፍራም መስመር ከደረደራችሁ ማያው ሙሉ ቀለም ይሆናል። ያለቀውን እርከን 0.5 ሚሊ ሜትር አድርጉት፤ ያልታየውን ብቻ በነጭ እቀፉት።

የተከለለ መሬትና ይዞታ ውስጡን አትሙሉት። ጠርዙን ብቻ ሣሉ፣ ወይም ሰፋ ሰፋ ባለ ሰያፍ መስመር ሙሉት። ከሥሩ ያለው ምስል ካልታየ የቆማችሁበትን ዛፍ ከካርታው ጋር ማመሳከር አትችሉም።

5. ጽሑፍ

ስም ማውጣት ቀላል ይመስላል። ቢሮ ኮምፒውተር ላይ በናያላ የጻፋችሁት ስም ስልኩ ላይ ናያላ ስለሌለ በሌላ ፎንት ይተካል፤ ስፋቱም ስለሚለወጥ ስሞቹ ይደራረባሉ። ከመነሻው «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ»ን ተጠቀሙ፤ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ያለው እሱ ነው። «ሌብልስ» ውስጥ «በፈር»ን (የፊደሉን ዙሪያ ማቀፊያ) አብሩና 1 ሚሊ ሜትር ነጭ ስጡት። የፊደሉ መጠን ከ10 ነጥብ አይነስ፤ «ጠ» እና «ጨ» በትንሽ ፊደል አይለዩም።

ሙሉውን መለያ ቁጥር አታውጡ። ወረዳውንና ቀበሌውን ሠራተኛው ያውቀዋል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት አኃዞች ይበቃሉ።

6. የጉዞ ካርታና የሥራ ካርታ

መኪና ውስጥ ሆኖ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚሄድ ሰውና ቦረቦር ዳር የቆመ ሰው አንድ ካርታ አይፈልጉም። ኪውጂአይኤስ ለአንድ ሌየር ከአንድ በላይ ስታይል መያዝ ይችላል። ከ«ሌየር ፕሮፐርቲስ» በታች «ስታይል» በሚለው አዝራር «አድ» ብላችሁ «ጉዞ» የሚል ሁለተኛ ስታይል ፍጠሩ። እዚያ ላይ ጽሑፍ የለም፣ እርከን የለም፤ ያልታዩት ብቻ በትልቅ ነጥብ። ቀድሞ የሠራችሁትን «ሥራ» በሉት።

አሁን የሌየሮች ፓነል ላይ ካለችው የዓይን ምልክት «አድ ቲም» ብላችሁ ሁለት ቲሞች አስቀምጡ። ቲም የትኛው ሌየር እንደበራ ብቻ ሳይሆን የትኛው ስታይል እንደተመረጠም ያስታውሳል። ኪውፊልድ ላይ የሌየሮቹን ዝርዝር ስትከፍቱ ሁለቱን ከዚያው ትመርጣላችሁ። «ሥራ» ላይ ደግሞ እርከንና ጽሑፍ ከ1፡5,000 ርቆ ሲታይ እንዲጠፉ «ስኬል ዲፔንደንት ቪዚቢሊቲ»ን አብሩ።

7. የተጠራጠራችሁትን ነጥብ ምልክቱ ይንገር

ከታርማበር ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ገደሉ የሰማዩን ግማሽ ይጋርዳል፤ የሳተላይቱም ሞገድ ከዓለቱ ነጥሮ ይመጣል። እዚያ ላይ የተያዘ ነጥብ ሜዳ ላይ ከተያዘው ጋር አንድ መምሰል የለበትም።

ለነጥብ ሌየሩ «ትክክለኛነት» የሚል ዓምድ ጨምሩ፤ በፎርሙ «ዲፎልት ቫልዩ» ቦታ ኪውፊልድ የሚያቀርበውን የአግድም ትክክለኛነት ተለዋዋጭ አስገቡ። ነጥቡ ሲያዝ ስልኩ ራሱ ይሞላዋል። ከዚያ «ሲምቦሎጂ» ላይ «ካቴጎራይዝድ»ን ወደ «ሩል ቤዝድ» ቀይሩ። ምድቦቻችሁ አይጠፉም፤ ወደ ሕግ ይለወጣሉ። አንድ ሕግ ጨምሩና ማጣሪያውን እንዲህ ጻፉ (ከ10 የሚበልጥ ማለት ነው)፦

"ትክክለኛነት" > 10

ምልክቱ ባዶ የተቆራረጠ ቀለበት ይሁን፣ 8 ሚሊ ሜትር። በዚህ አሠራር አንድ ነጥብ ሁለት ሕግ ካሟላ ሁለቱም ይሳሉለታል፤ ስለዚህ ሁኔታው ተሞልቶ ከ10 ሜትር በላይ የሳተ ነጥብ የራሱን ቀለም እንደያዘ ቀለበት ይደረግበታል። ትንሽ ቆሞ ደግሞ መያዝ ነው።

8. ማሸግና መፈተን

በኪውፊልድ ሲንክ አሽጉ፣ ስልኩ ላይ ጫኑ፣ ከዚያ ከቢሮው ውጡ። ጠረጴዛ ላይ የተፈተነ ካርታ አልተፈተነም። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይን ከጀርባ አድርጋችሁ፣ ስልኩን ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ያዙት። አንዴ ካያችሁት በኋላ «ስንት ቀረ?» የሚለውን ሳትጠጉ መመለስ ካልቻላችሁ ወደ 3ኛው ደረጃ ተመለሱ። ቀጥሎ ካርታውን አይቶ ለማያውቅ ሰው ስጡት፣ ጥበቃም ሆነ ሾፌር፤ ምንም ሳታስረዱ የቱ ያለቀ እንደሚመስለው ጠይቁት። እኔ ዘንድ አንድ ሾፌር «ቀይ ነገር ካየሁ ቁም ማለት ነው» ብሎ ያልታየውን ቀይ አስጥሎኛል፤ ማጀንታ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

9. ሥራው ከተጀመረ በኋላ ምልክት መቀየር

በሁለተኛው ቀን የሆነ ነገር መቀየር ያምራችኋል፤ አይቀርም። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ኮምፒውተር ላይ ቀለም ቀይራችሁ፣ እንደገና አሽጋችሁ፣ ስልኩ ላይ በቀድሞው ፎልደር ላይ ብትጭኑት አብሮ የሚሄደው ጂኦፓኬጅ ባዶው የትናንቱ ነው፤ ዛሬ የተሞላው ከሥሩ ይደመሰሳል። እኔ የአንድ ቀን ሙሉ ሥራ እንዲህ አጥቼ በማግሥቱ ያንኑ ተዳፋት ደግሜ ወጥቻለሁ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የስልኩን ፎልደር መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተር ቅዱ፤ ቅጂውን ቀን ጽፋችሁበት ለብቻ አስቀምጡ። በኪውፊልድ ሲንክ «ሲንክሮናይዝ ፍሮም ኪውፊልድ» ብላችሁ መረጃውን ወደ ዋናው ፕሮጀክት አስገቡ፤ የነጥቦቹን ብዛት ከስልኩ ጋር አመሳክሩ። ከዚያ ብቻ ምልክቱን ቀይሩ፣ በአዲስ የፎልደር ስም አሽጉ፣ ስልኩ ላይ ጫኑ። በኪውፊልድ ክላውድ (መረጃውን በኢንተርኔት በሚያቀባብለው አገልግሎት) የምትሠሩም ኔትወርክ ያለበት ከተማ ስትደርሱ መጀመሪያ ከስልኩ ወደ ላይ ላኩ፤ የቀለሙ ነገር ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ስልኮቹ ብዙ ከሆኑ አንዱ እንኳ ሳይልክ አትቀይሩ፤ አንኮበር ቁልቁለት ላይ ኔትወርክ አጥቶ የቀረው ባልደረባችሁ ማታ እስኪገባ ጠብቁት።